የቤት ውስጥ የኮቪድ ቴስት ከየት ይገኛል? ደረጃ በደረጃ

«ቴስት የት ነው ያገኘሽው?» በዚህ ሰሞን በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግመው አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ ነው። ይህን የጻፍኩት በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ነው። ኦሚክሮን የሚባለው የኮቪድ ዝርያ በየቤቱ ገብቷል፣ የፋርማሲው መደርደሪያ ባዶ ነው። ከታች ያለው ደንብና ዋጋ ሁሉ የዚያን ጊዜ ነው፤ ብዙው ከዚያ ወዲህ ቀርቷል ወይም ተለውጧል (ዋና ዋናውን በቅንፍ ጠቁሜአለሁ)። በሌላ ጊዜ የምታነቡት ከሆነ ሁሉንም መልሳችሁ አጣሩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቴስት የሚፈለገው ሰው ከታመመ በኋላ አይደለም፤ ያኔ ረፍዷል። በአንድ መንገድ ብቻም አይጠበቅም። የመንግሥቱን ትዕዛዝ፣ ኢንሹራንሱን፣ ላይብረሪውን፣ ክሊኒኩን ሁሉንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀምሯቸው። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይደርስላችኋል።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ሙሉ አድራሻ፣ ከአፓርትመንት ቁጥርና ከዚፕ ኮድ ጋር። ከኪራይ ውሉ ወይም ከመብራት ቢሉ ላይ እንዳለ ቅዱት።
- የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የኢንሹራንስ ካርድ። የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።
- የት እንደምትኖሩ የሚያሳይ ነገር፦ የስቴት መታወቂያ ወይም በስማችሁ የመጣ ቢል።
- ለደረሰኝ ብቻ የሚሆን አንድ ኤንቨሎፕ፣ እና መቀስ። መቀሱ ለምን እንደሆነ ቁጥር 4 ላይ ታዩታላችሁ።
- ሰዓት የሚቆጥር ስልክ። ይህ ለምርመራው ቀን ነው።

1. የመንግሥቱን ነጻ ቴስት ዛሬውኑ እዘዙ

የፌዴራል መንግሥቱ ለእያንዳንዱ መኖሪያ አድራሻ 4 ቴስት በነጻ በፖስታ እየላከ ነው። ትዕዛዙ በይፋ የተከፈተው ጃንዋሪ 19 ቀን 2022 ነው (ከዚያ በኋላ ቆሟል)። ድረ ገጹ ኮቪድቴስትስ ነጥብ ጎቭ ይባላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይነጣጠል ይጻፋል፣ መጨረሻው ጎቭ ነው። የማዘዣውን ቁልፍ ስትጫኑ ወደ ፖስታ ቤቱ ገጽ ይወስዳችኋል። እዚያ የምትሞሉት ስማችሁንና አድራሻችሁን ነው። ኢሜይል ብትጨምሩ ዕቃው የት እንደደረሰ ይነግሯችኋል፤ ባትጨምሩም ይላካል። ክሬዲት ካርድ አይጠየቅም። የመላኪያ አይከፈልም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም፣ «ወረቀት አላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄም የለም።

ይህን መጀመሪያ ያደረግሁት ስለሚዘገይ ነው። ከታዘዘ በኋላ እስኪላክ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ቀን ይወስዳል። ዛሬ ጉሮሮው ለሚከረክረው ሰው አይደርስለትም። ለቀጣዩ በሽተኛ ግን ይደርሳል፤ ዛሬ ካዘዛችሁ።

«ግሪን ካርዴን ያበላሽብኝ ይሆን?» ለምትሉኝ፦ አያበላሽም። የኮቪድ ምርመራ፣ ክትባትና ሕክምና በፐብሊክ ቻርጅ (የመንግሥት እርዳታ ጥገኛ በመሆን) እንደማይቆጠር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ አስታውቋል።

2. የአፓርትመንት ቁጥሩን በቦታው ሙሉ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ፎርሙ ላይ ለመንገዱ ስም አንድ መሙያ ቦታ አለ፣ ለአፓርትመንት ቁጥሩ ደግሞ ሌላ። ሁለቱን አንድ ላይ ከጻፋችኋቸው ሲስተሙ ሕንጻውን በሙሉ እንደ አንድ ቤት ሊቆጥረው ይችላል። ከዚያ ከሦስተኛ ፎቅ ያለ የማታውቁት ጎረቤት አስቀድሞ ስላዘዘ «ለዚህ አድራሻ ታዝዟል» የሚል መልስ ይመጣባችኋል። ስለዚህ ቁጥሩን ለብቻው በራሱ ቦታ አስገቡ።

በትክክል ሞልታችሁም እንቢ ካላችሁ፣ ምናልባት ሕንጻችሁ በፖስታ ቤቱ መዝገብ እንደ አንድ ቤት ወይም እንደ ንግድ ቤት ተመዝግቦ ይሆናል። ይህን እናንተ ደጋግማችሁ በመሞከር አታስተካክሉትም። በፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የአገልግሎት ጥያቄ አስገቡ፣ ወይም 1-800-275-8777 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

ቤዝመንት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ ወይም አንድ ቤት ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ለያዛችሁ፦ አድራሻው አንድ ከሆነ ድርሻውም አንድ ነው። 4 ቴስት ለሁላችሁም ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ይህ የብዙ ሰው ኑሮ ነው። የቤቱን ባለቤት «አዝዛችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዝዘው ከሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ፦ ፓኬቱ ሲመጣ ማን ይከፍተዋል፣ ስንቱ ወደ ታች ይወርዳል። በሽታ ከገባ በኋላ የሚደረግ ድርድር ለማንም አይበጅም። እናንተም ሙሉ ተስፋችሁን በዚህኛው ላይ አትጣሉ፤ ከቁጥር 4 እስከ 6 ያለውን በደንብ ያዙት።

3. ኢንተርኔት ለማይጠቀሙ ወላጆች በስልክ እዘዙላቸው

ስልኩ 1-800-232-0233 ነው። በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፣ በምሥራቁ ሰዓት ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። ከ150 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ያስተናግዳል። ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁና መስመሩ ላይ ጠብቁ። ዝም ሲል የተቋረጠ መስሏቸው የሚዘጉ ብዙ ናቸው። አትዝጉ።

እማማ ብቻቸውን የሚደውሉ ከሆነ ስማቸውንና አድራሻቸውን በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ አስቀምጡላቸው። የመንገዱ ስም በጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ይሳሳታል፤ ፊደል በፊደል እንዲያነቡት ነው። በየማኅበሩና በየዕድሩ እንግሊዝኛ የሚቀላችሁ ልጆች ካላችሁ ደግሞ በዚህ ሰሞን ልትሠሩት የምትችሉት ትልቁ በጎ ሥራ ለአምስት ስድስት አረጋውያን ቁጭ ብሎ ማዘዝ ይመስለኛል። ለአንዱ ሰው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

4. የሥራ ወይም የግል ኢንሹራንስ ካላችሁ በወር 8 ቴስት ውሰዱ

ከጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ጀምሮ የግል ኢንሹራንሶችና በአሠሪ በኩል የሚገኙ ኢንሹራንሶች በቤት የሚሠራ ቴስት የመሸፈን ግዴታ አለባቸው (ይህ ግዴታ በሜይ 2023 አብቅቷል)። ልኩ ለአንድ ሰው በወር 8 ነው። ለአንድ ቤተሰብ 8 አይደለም። አራት ሰው በአንድ ፕላን ውስጥ ከሆናችሁ በወር 32 ይሆናል። የሐኪም ማዘዣ አያስፈልግም። ቆጠራው በቴስት እንጂ በፓኬት አይደለም፤ ሁለት የያዘ ፓኬት ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ስልክ ደውሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ሳልከፍል የምወስድበት ፋርማሲ አለ ወይ?»

ሀ. *አለ ካሉ*፣ የፋርማሲውን ስም ጻፉና ወደዚያ ሂዱ። ከፊት ለፊት ካለው ካሸር ጋር አትሰለፉ። መድኃኒት ወደሚሰጥበት መስኮት ሂዱና ካርዱን ስጡ። በኢንሹራንስ እንዲያዝላችሁ የሚያደርገው ያ መስኮት ነው። ደንቡ አዲስ ስለሆነ ሲስተሙን ገና ያላስተካከለ ፋርማሲ አለ። «አንችልም» ካሏችሁ አትጨቃጨቁ፤ ቴስቱ ካለ ከፍላችሁ ውሰዱና ገንዘቡን ከኢንሹራንሱ ጠይቁ። ቴስቱ ነገ ላይኖር ይችላል።

ለ. *የለም ካሉ*፣ የትም ገዝታችሁ የከፈላችሁትን በሙሉ ይመልሳሉ። ነጻ የሚሰጥ ፋርማሲ እያላቸው እናንተ ከሌላ ቦታ ከገዛችሁ ግን መመለስ የሚገደዱት ለአንድ ቴስት እስከ 12 ዶላር ብቻ ነው። ሁለት የያዘ ፓኬት በ24 ዶላር ከገዛችሁ ሙሉው ይመለሳል። በ30 ዶላር ከገዛችሁ 6 ዶላሩ ከኪሳችሁ ሊቀር ይችላል።

ገንዘቡን የማስመለሻው ወረቀት የሚጠይቀው ደረሰኝ ነው። ቀኑ፣ የዕቃው ስምና ዋጋው በግልጽ መታየት አለባቸው። አንዳንዱ ኢንሹራንስ ከፓኬቱ ላይ የተቆረጠውን ባርኮድም ይፈልጋል፤ መቀሱ ለዚህ ነው። ፓኬቱን ከመጣላችሁ በፊት ባርኮዱን ቁረጡና ከደረሰኙ ጋር አያይዙ። ቴስቱን ከወተትና ከዳቦ ጋር አንድ ላይ አትክፈሉ፤ ለብቻው ደረሰኝ ይኑረው። ያ ቀጭን የደረሰኝ ወረቀት በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ፓርኪንግ ሳላችሁ ፎቶ አንሱት።

ሁለት ነገር አይካተትም። ከጃንዋሪ 15 በፊት የተገዛውን ኢንሹራንሱ የመክፈል ግዴታ የለበትም። አሠሪያችሁ ለሥራ ብሎ የሚያዛችሁ ምርመራም በዚህ ደንብ አይሸፈንም፤ እሱን አሠሪውን ጠይቁ።

5. ሜዲኬይድ፣ ሜዲኬር፣ ወይም ምንም ከሌላችሁ

ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) እና ቺፕ የሚባለው የልጆቹ ኢንሹራንስ በቤት የሚሠራ ቴስት ያለ ክፍያ ይሸፍናሉ። አወጣጡ ግን በየስቴቱ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ፋርማሲስቱ ወይም ሐኪሙ ማዘዝ አለበት። ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ደውላችሁ «ማዘዣ ያስፈልጋል ወይ? ከየትኛው ፋርማሲ?» በሉ።

መደበኛው ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) በጃንዋሪ 2022 ከፋርማሲ የሚገዛውን ቴስት አይሸፍንም። ይህ በተለይ ለአባቶችና ለእናቶች ከባድ ነው፤ በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸውና። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ካላቸው ግን ፕላኑ ራሱ ሊሸፍን ስለሚችል ደውላችሁ ጠይቁ። አለበለዚያ ቁጥር 1ን እና ቁጥር 6ን ለእነሱ ቅድሚያ ስጡ።

ኢንሹራንስ የሌላችሁም እንዲሁ ቁጥር 6 ነው መንገዳችሁ።

6. በእግር የሚደረስባቸው ቦታዎች

*ላይብረሪ።* ዋሽንግተን ዲሲ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ በተመረጡ ላይብረሪዎች ለነዋሪዎቹ በነጻ ይሰጣል። የዲሲ ነዋሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር ይጠየቃል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይብረሪዎችም ያድላሉ። በሌላ ከተማ ከሆናችሁ የካውንቲያችሁን የጤና ቢሮ ገጽ እዩ፣ ወይም 211 ደውላችሁ «ነጻ የኮቪድ ቴስት የት ይታደላል?» በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው ቀን ጠዋት አጣሩ፤ የመጣው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ትናንት የነበረበት ላይብረሪ ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል።

*የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ።* በፌዴራል ገንዘብ የሚረዱት ክሊኒኮች ኢንሹራንስ ያለውንም የሌለውንም ያስተናግዳሉ። ብዙዎቹ የቤት ቴስት በነጻ ይሰጣሉ። እዚያ ሌላም ጥቅም አለ፦ ቴስቱ ቢያልቅባቸው እንኳ እዚያው መመርመር ይቻል ይሆናል።

*ትምህርት ቤት።* ልጆቻችሁ በቦርሳ ይዘውት ሊመጡ ይችላሉ። ከትምህርት ቤት የሚላከውን ኢሜይል ሳታነቡ አትጥፉት።

*አሠሪ።* በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በሆስፒታል፣ በአየር ማረፊያ የምትሠሩ፣ የበላያችሁን ጠይቁ። ሳይጠየቅ የማይሰጥ አለ።

*የስቴት ትዕዛዝ።* ሲያትልና አካባቢው ላላችሁ፣ ዋሽንግተን ስቴት ከጃንዋሪ 21 ጀምሮ የራሱን የፖስታ ትዕዛዝ ከፍቷል። ይህ ከፌዴራሉ የተለየ ነው። ሁለቱንም ማዘዝ ይቻላል።

7. መግዛት ግድ ከሆነ

ፋርማሲ ለፋርማሲ በመኪና አትዙሩ። በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉት። ጠዋት እንደተከፈተ ደውሉ። «አላችሁ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ፤ «ዕቃ የሚገባላችሁ መቼ ነው?» ብላችሁ ጨምሩ። ብዙ ቦታ ቴስቱ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ከካሸሩ ኋላ ወይም ፋርማሲው መስኮት ውስጥ ነው። ባዶ መደርደሪያ አይታችሁ አትመለሱ፤ ጠይቁ።

ዋጋውን ለማመዛዘን ያህል፦ ሁለት የያዘው ባይናክስናው የሚባለው ቴስት በዋልማርት 20 ዶላር ገደማ፣ በትልልቆቹ ፋርማሲዎች 24 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ብቻ የያዘው ፍሎውፍሌክስ 10 ዶላር ገደማ ነው። ለአንድ ፓኬት 50 እና 60 ዶላር የሚጠይቅ ካያችሁ እለፉት። ሲቪኤስ እና ዋልግሪንስ ለአንድ ገዢ ገደብ አበጅተዋል፤ ለዘመድ ሁሉ በአንድ ቀን ልግዛ አትበሉ።

⚠ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ

- ፓኬቱ ላይ «አንቲጀን» ይበል። «አንቲቦዲ» የሚለው ከደም የሚሠራና ድሮ ተይዛችሁ እንደነበር የሚያሳይ ነው። ዛሬ መያዛችሁን አይነግራችሁም።
- ስሙ በኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ይኑር። ባይናክስናው፣ አይኸልዝ፣ ኩዊክቪዩ፣ ፍሎውፍሌክስና ኢንቴሊስዋብ አሉበት። የማታውቁት ስም ከሆነ ኤፍዲኤ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።
- ከመንገድ ዳር፣ ከመኪና ኮፈን፣ ከማታውቁት የፌስቡክ ሻጭ አትግዙ። ሐሰተኛ ቴስት ዋናው ጉዳቱ ገንዘቡ አይደለም። የተያዘውን ሰው «ነጻ ነህ» ብሎ ወደ እናቱ ቤት ይልከዋል።
- የመንግሥቱን ገጽ የሚመስሉ አስመሳይ ገጾች አሉ። መጨረሻው ጎቭ ካልሆነ፣ ወይም የካርድ ቁጥር ከጠየቀ ዝጉት። «ነጻ ቴስት ልላክልዎት» ብሎ ደውሎ የሜዲኬር ቁጥር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው። ወላጆቻችሁን ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

8. ሲደርሳችሁ፦ ብርዱና ቀኑ

ቴስት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በፋራናይት ከ36 እስከ 86። በዚህ ብርድ፣ በተለይ ሚኒሶታና ዴንቨር ላላችሁ፣ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ያደረ ፓኬት በረዶ ሊሠራ ይችላል። ፈሳሹ ቀዝቅዞ እያለ ከተሠራ ውጤቱ አያስተማምንም። ቤት አስገቡትና ሳትከፍቱት ቢያንስ 2 ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ እንደተለመደው ይሠራል። የመቆጣጠሪያው መስመር (ቴስቱ መሥራቱን የሚያሳየው) በትክክል ከወጣ ቴስቱ ደህና ነው። መኪና ውስጥ አታስቀምጡት፤ ማቀዝቀዣም አያስፈልገውም። መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ይበቃዋል፣ ልጆች የማይደርሱበት ከፍታ ላይ።

ቀኑ አልፎ ካገኛችሁት ወዲያው አትጣሉት። ኤፍዲኤ የአንዳንዶቹን የመጠቀሚያ ጊዜ ያራዝማል። ፓኬቱ ላይ ያለውን የሎት ቁጥር (የምርቱን ዙር የሚለየውን) ይዛችሁ በአምራቹ ገጽ አጣሩና ከዚያ ወስኑ።

9. ያለውን ቆጥቡ፤ ማን ይቅደም?

አራት ቴስት ይዞ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

- መጀመሪያ ምልክት ያለበት ሰው። በተለይ ዕድሜው ከገፋ፣ ስኳር፣ ልብ፣ አስም ወይም ካንሰር ካለበት። ምክንያቱ፦ ለእሱ መድኃኒት አለ። ፓክስሎቪድ የሚባለው ክኒን ምልክቱ በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ሳይታወቅ ያለፈ እያንዳንዱ ቀን ከእነዚያ ከአምስቱ ይቀነሳል።
- ቀጥሎ ከተያዘ ሰው ጋር የነበረና ምልክት የሌለው። ከተገናኙ በ5ኛው ቀን ይመርመር። በማግስቱ ከሆነ ቫይረሱ ገና ስላልበዛ ቴስቱ ባከነ ማለት ነው።
- ከዚያ ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ። በዚያው ቀን፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት። ለቅሶ ለመድረስ፣ ክርስትና ወይም ሰርግ ለመሄድም እንዲሁ ነው። ሐሙስ የተሠራ ቴስት ለእሑድ አይሆንም።

ቴስት የማያስፈልገው ጊዜም አለ። አባወራው በምርመራ ተይዞ፣ ሚስትየውና ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ተመሳሳይ ሳልና ትኩሳት ከጀመራቸው፣ እነሱም እንደተያዙ ቆጥራችሁ ቤት ተቀመጡ። ቴስቱን በጠና ለሚያሰጋው ሰው አቆዩት።

10. አሠራሩ

እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ መመሪያ አለው። በአይኸልዝ 3 ጠብታ ነው፤ በባይናክስናው 6። የአንዱን በሌላው አትሥሩ፣ የአንዱን ፈሳሽ ለሌላው አትጠቀሙ። ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ። ስዕል አለው፤ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም ስዕሉን ተከተሉ።

ሀ. እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ጠረጴዛውን ጥረጉ።

ለ. ጥጥ ያለበትን ዘንግ በእንጨቱ በኩል ያዙ። ጥጡን በጣት አትንኩ፣ ጠረጴዛ ላይም አታስቀምጡት።

ሐ. አንድ አፍንጫ ውስጥ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ኢንች ያህል አስገቡ። ግድግዳውን እየነካ 5 ጊዜ በደንብ አዙሩት። በዚያው ዘንግ ሁለተኛውንም አፍንጫ እንዲሁ። ብዙ ሰው አስነጥሶት ቶሎ ያወጣዋል፤ ናሙናው ካነሰ የተያዘ ሰው ነጻ ሆኖ ይታያል። «ጉሮሮዬንም ልንካው» የሚል ወሬ ይናፈሳል። ለአፍንጫ የተፈቀደውን ጉሮሮ ውስጥ እንዳትከቱ ኤፍዲኤ አስጠንቅቋል።

መ. ፈሳሹን እንደተጻፈው ጨምሩና ስልኩን በ15 ደቂቃ ሙሉ። አንዳንዱ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዱ 30 ደቂቃ ነው። ቀድማችሁ አታንብቡ። ወረቀቱ ከሚለው ሰዓት በኋላም አታንብቡ፤ ዘግይቶ የሚወጣ መስመር ያሳስታል። ማታ ሠርታችሁ ጠዋት ያያችሁት ውጤት አይደለም።

ሠ. የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ቴስቱ አልሠራም፤ በሌላ ድገሙ። ሁለት መስመር ከወጣ፣ ሁለተኛው የቱንም ያህል ቢደበዝዝ፣ ተይዛችኋል። «በጣም ስስ ናት፣ አትቆጠርም» የሚባል ነገር የለም። ትቆጠራለች።

ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እነዚህ ቴስቶች አልተፈቀዱም። አንዳንዱ ደግሞ ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ፓኬቱ ላይ እዩ። ለትንንሾቹ ናሙናውን ትልቅ ሰው ይውሰድላቸው።

⚠ ፈሳሹ የዓይን ጠብታ ይመስላል። መድኃኒት ከሚቀመጥበት አርቁት። ልጅ ከጠጣው ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ 1-800-222-1222 ደውሉ፤ የመርዝ መቆጣጠሪያው ስልክ ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ይመልሳሉ።

11. ከውጤቱ በኋላ

*ተይዛችኋል ካለ*፣ በሌላ ቴስት አታረጋግጡ፤ አትጨርሱት። ምልክቱ የጀመረበትን ቀን ዜሮ ብላችሁ 5 ሙሉ ቀን ከሰው ተለዩ። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ከጠፋና ከተሻላችሁ ትወጣላችሁ፤ ለተጨማሪ 5 ቀን ግን ከሰው ጋር ስትሆኑ ማስክ ሳታወልቁ ነው (ይህ የ5 ቀን ደንብ በማርች 2024 ተቀይሯል)። የሚያሰጋ ሕመም ካለባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውሉና ስለ መድኃኒቱ ጠይቁ። መተንፈስ ካቃተ፣ ደረት ካመመ፣ ሰውየው ከተደናገረ ወይም አልነቃ ካለ 911 ነው።

*ነጻ ናችሁ ካለና ምልክት ካለባችሁ*፣ አትመኑት። የቤት ቴስት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊስተው ይችላል። ቤት ሆናችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድገሙት። ፓኬቱ ሁለት የሚይዘው ለዚህ ነው፤ አንዱን ለጎረቤት ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ወይም በላቦራቶሪ የሚሠራውን የፒሲአር ምርመራ ቀጠሮ ያዙ።

*ለጉዞ አይሆንም።* ለገናና ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለምትመለሱ፦ ወደ አሜሪካ ለመሳፈር ከበረራው በፊት ባለው 1 ቀን ውስጥ የተሠራ ምርመራ ይጠየቃል (ይህ ደንብ በጁን 2022 ተነሥቷል)። ቤት ለብቻችሁ የሠራችሁትን አየር መንገዱ አይቀበልም። በቪዲዮ ባለሙያ እያየ የሚሠራና ሰነድ የሚሰጥ ዓይነት አለ። እሱ ከሌለ ላቦራቶሪ ነው የምትሄዱት።

12. ሁለት ሲቀር እንደገና ጀምሩ

ቤት ውስጥ የቀረው ቴስት ሁለት ሲሆን ወደ ቁጥር 4 ተመለሱ። የኢንሹራንሱ 8 በየወሩ ይታደሳል። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ በዚያው ሳምንት ላይብረሪውን ወይም ጤና ጣቢያውን ደውሉ። የደረሰኙን ኤንቨሎፕም በዚያው ቀን አውጡና ያላስገባችሁት ካለ ከወረቀቱ ጋር ላኩት።